ቁጠባ የሚያሳፍር ነገር ነውን?

ስለ ቁጠባ ብዙ ጊዜ የሚናገሩትና የሚጽፉት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ገንዘብ የሌለው ሰው ይቆጥባል እንጂ ስለ ቁጠባ አይጽፍም፤ ወረቀት ቢያገኝም በሁለቱም ገጽ ሒሳብ ይሠራበታል። እኔ ግን ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመሆኔ፥ በዚህች መጽሔት ላይ ለመጻፍ ሌላ ዓመት ስለማይኖረኝ፥ በቤታችን በየቀኑ የማየውንና አንድ ቀን ያፈርኩበትን ነገር ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለመግለጽ ተነሥቻለሁ። የሚያስቀውን አስቀድማለሁ።

በቤታችን ስድስት ሰዎች እንኖራለን፤ አያቴ፥ አባቴ፥ እናቴ፥ ታላቅ እህቴ፥ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በዚህ ሥራ ያላችሁ ወላጆች እንደምታውቁት፥ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፥ ዕቃ ሲጠየቅ ሞዴል 20፥ ዕቃ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22 ይሞላል። አባቴ ይህን ሥርዓት ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ሳሙና አልቋል የሚል ሰው ቢኖር «ሞዴል 20 ሞልተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን የሚሉት እየሳቁ ነው፤ ነገር ግን ሳሙናው በውነት ማለቁን ሳያዩ ገንዘቡን አይሰጡም። ዳር ዳሩ የተበላ አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው፤ የገባውም የወጣውም ሁሉ በዚያ ላይ ይሰፍራል። ክብሪት እንኳ ሳይቀር ማለቴ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመብራት ነገር ይመጣል። በግቢያችን ሦስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ለሦስት ይካፈላል፤ ማን ብዙ እንደ ተጠቀመ ግን ቆጣሪው አይናገርም። ከሁሉ ይበልጥ መብራት የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቤት የሚጋግርበት ቀን በስምምነት ተወስኗል። ከጎረቤቶቻችን አንዲቱ (ስማቸውን አልጠራም፤ እናቴ ከእርሳቸው ጋር አንድ ዕቁብ ትጥላለች) ከስምምነቱ ውጭ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እየተነሡ ይጋግሩ ነበር። አምፖል ያጠፋሉ፥ መስኮት ይዘጋሉ፤ የትኩስ እንጀራ ሽታ ግን በመስኮት አይዘጋም። አባቴ አንድ ሌሊት ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ግቢ ወጡና በበራቸው ቆመው «እንደምን አደሩ፤ ሽታው መልካም ነው» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የሚጋግር አልተሰማም።

እኛም ብንሆን ማታ ማታ ሁላችንም በአንድ አምፖል ሥር ሆነን እናጠናለን። እህቴ ጮክ ብላ ካልሆነ ማጥናት አትችልም፤ ስለዚህ ወንድሜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የእህቴን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በቃሉ ያውቃል። አያቴ ብቻ ጸሎታቸውን በጨለማ ያደርሳሉ። «እርሱ በጨለማም ያየኛል፤ አምፖሉ ለልጆቹ ይብራ» ይላሉ።

በቤታችን አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ አይሞትም። ዘይት የመጣበት ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፥ ዘይቱ ሲያልቅ የውሃ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ይህን አይንቀውም። ጀሪካኑ ሲያፈስ አፉ ተቆርጦ የካልሲ መዘፍዘፊያ ይሆናል፤ በመጨረሻም አፈር ተሞልቶበት አያቴ ጤና አዳም ይተክሉበታል። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከፍርፍር የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የትምህርት ቤት ጉርዴንም የሚመለከት ሰው ቢኖር፥ ከታች በኩል ሦስት መስመር ያያል። እናቴ ጉርዱን ስታሰፋልኝ ብዙ ጨርቅ ወደ ውስጥ አሳጥፋበት ነበርና፥ በየዓመቱ ቁመቴ ሲጨምር አንድ አንድ እጥፍ ይፈታል፤ የድሮው እጥፋት ግን መስመሩ አይለቅም። ዛፍ ተቆርጦ ዕድሜው ከግንዱ እንደሚቆጠር፥ የእኔም የትምህርት ዘመን ከጉርዴ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ደግሞ ልዋጭ የሚለው ልጅ በሰፈራችን ሲያልፍ፥ እናቴ የአባቴን አሮጌ ሱሪ ሰጥታ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለች። አባቴ ማታ ሲመጡ ሱሪውን ፈለጉ። ነገሩ ሲነገራቸው ቁጣ የለም፤ ደብተሩን አውጥተው «ሱሪ፥ ወጪ፤ ሳፋ፥ ገቢ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ለሦስት ሳምንት ያህል ሳፋውን ባዩ ቁጥር «ሱሪዬ እንዴት ሰነበተ?» ይሉት ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ቁጠባ የድኻ ሥራ ነው ይሉ ይሆናል። እኔ ግን እጠይቃቸዋለሁ፤ እንግዳ የሚከበርበት የቡናችን ሥርዓት ምንድን ነው? አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና አቦል ይጠጣል፤ በዚያው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይሆናል፤ እንደ ገና ተጨምሮ በረካ ይባላል። በረካ ማለት በረከት ነው። ቅጥነቱን የሚያማ እንግዳ አይገኝም፤ እንዲያውም ሳይጠጣ ቢሄድ ነውር ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ከአንድ እፍኝ ቡና ሦስት ጊዜ ሲያስተናግዱ አላፈሩም፤ ለመጨረሻው ይበልጥ ያማረ ስም አወጡለት እንጂ።

በ1924 በአውሮፓ አቆጣጠር በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ የቁጠባ ባንኮች ተወካዮች ኦክቶበር 31 የዓለም የቁጠባ ቀን እንዲሆን ወስነዋል። በዚህ ዓይነት ቀን የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ «ከተረፋችሁ አስቀምጡ» የሚል ይመስለኛል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን «ከተረፋችሁ» የምትለዋ ቃል እጅግ ከባድ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ለምን እንደ ተደረገ የኢኮኖሚክስ መምህራችን አስረድተውናል፤ ክርክሩን ለእርሳቸው እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ከውጭ የሚመጣው ዘይት በአባቴ ደብተር ላይ ከአንድ መስመር ወደ ሁለት መስመር መሸጋገሩን ነው፤ እህቴም ከዚያ በኋላ ጤፉ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ሲፈጭ «እንጀራችን ነጣ» ብላ አመሰገነች።

ቁጠባ ሁሉ ግን ብልኅነት አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ ሽንኩርት በ20 ብር ይረክሳል ተብሎ ወደ ሩቅ ገበያ ሄደን ለታክሲ 30 ብር የከፈልንበት ቀን አለ። እንዲሁም ባለፈው ዓመት አባቴ ለእናቴ ከመንገድ ዳር አንድ መነጽር በርካሽ ገዝተውላት ነበር። መነጽሩ ራሷን ስላዞራት ተወችው፤ ወንድሜም በአፍንጫው ላይ አድርጎ መምህር እየሆነ ያስቀን ጀመር። በዚያው ሰሞን በምስር ወጣችን ውስጥ ጠጠር ይበዛ ነበር። አንድ ሰው ጠጠር በነከሰ ቁጥር «ሞዴል 19 ይሞላ፤ ድንጋይ ገብቷል» እያልን እንስቃለን፤ እናቴም አብራን ትስቃለች። ይህን ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ኋላ ይመጣል።

አሁን ወዳፈርኩበት ነገር ልግባ። በታኅሣሥ ወር የክፍላችን ተማሪዎች ለመሰናበቻ ቀናችን አንድ ዓይነት ካናቴራ እናሠራ ብለው ተስማሙ፤ መዋጮውም 800 ብር ሆነ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። ቤት ስደርስ ግን አባቴ ደብተራቸውን ከፍተው እርሳሳቸውን ሲነክሱ አየሁና ሳልናገር ቀረሁ። ለጓደኞቼም «ቤተ ሰቦቼ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም» ብዬ ዋሸሁ። ድኻ ከመባል ወላጆቼ አክራሪ ቢባሉ መረጥኩ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ያልከፈሉ ተማሪዎች ስም ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። አምስት ነበርን። ማን እንደ ለጠፈው አልናገርም፤ ክፉ አስቦም ያደረገው አይመስለኝም። ነገር ግን ያን በር አልፎ ለመግባት ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ፥ ስሙ ያልተጻፈበት ሰው አያውቀውም።

ካናቴራው የተለበሰ ዕለት ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ። እናቴ ደንግጣ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ማስታገሻውና ሎሚው 65 ብር ወጣበት። ማታ አባቴ መጥተው ግንባሬን ዳሰሱና «ከተሻለሽ ደብተሩን አምጪና የመድኃኒቱን ራስሽ ጻፊ፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። ውሸቴን በገዛ እጄ ከወጪ እንዳገባው ተፈረደብኝ ማለት ነው።

ደብተሩን ስገልጥ በየወሩ መጨረሻ አንድ መስመር አየሁ። በሰኔ ወር «ሐኪም ያዘዘው መነጽር፥ ለእናታቸው፥ 2,800» ይላል፤ አጠገቡም «ወደሚቀጥለው ወር የተዛወረ» ተብሎ ተጽፏል። በሐምሌም እንዲሁ። በነሐሴም፥ በመስከረምም፥ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰባት ጊዜ ተዛውሯል። ከበላዩ ደግሞ በዚያ ወር የተገዛው ነገር አለ፤ የነሐሴው የወንድሜ ደብተሮች፥ የመስከረሙ የእኔ ጫማ። ምስሩ ለምን ጠጠር እንደ በዛበት ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ አታይም ነበር። ስንስቅባት አብራ የሳቀችው ዓይኗ እንደ ደከመ እንዳናውቅ ነው።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የካናቴራውንም፥ የራስ ምታቱንም። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሞዴል 20 ሳትሞዪ ግምጃ ቤቱ ባዶ መሆኑን በምን ዐወቅሽ?» አሉኝ። ብጠይቃቸው 800 ብር ይሰጡኝ ነበርን? አይመስለኝም። እርሳቸውም ይህን አልደበቁኝም። «የለም የምልሽ እኔ ነበርኩ፤ አንቺ በእኔ ፈንታ የለም አልሽ» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ፥ በቁጠባ ውስጥ የሚያሳፍረው ጉርዱ ወይም ጀሪካኑ አይደለም። የሚያሳፍረው ነገሩ በዝምታ ሲሠራ አንድ ሰው ብቻውን መሸከሙ ነው። በብዙ ቤት ይህ ሰው እናት ናት። አባቶች ሒሳብ ይጽፋሉ፤ ልጆች እናጉረመርማለን፤ እናት ግን ከራሷ ላይ ትቀንስና ምንም እንዳልቀነሰ ሰው ትቀመጣለች። ወላጆች ሆይ፥ ደብተሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። ልጆች አይገባቸውም አትበሉ፤ የእህቴ ትምህርት እንኳ ለወንድሜ ገብቶታል። ያልተነገረን እንደ ሆነ ግን በማናውቀው ሰው ዓይን ላይ እንስቃለን።

ለመምህራንና ለክፍል ጓደኞቼም አንድ አሳብ አለኝ። መዋጮ ይኑር፤ ነገር ግን በታሸገ ፖስታ ይሰብሰብ፤ ስምም በር ላይ አይለጠፍ። ከዚያም በላይ አዲስ ካናቴራ የግድ ነውን? ለዓመታት የለበስነው የትምህርት ቤት ሸሚዝ አለን። በመጨረሻው ቀን በእርሱ ላይ እርስ በርሳችን ብንፈራረም የሚያስወጣው የአንድ ብዕር ዋጋ ነው። የሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ባይቀበሉትም ቢያንስ ይከራከሩበት።

አባቴም በዚያው ሳምንት እሑድ ደብተሩን ለሁላችን አነበቡ። በጥር ወር የእናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣ፤ 3,000 ብር። እርሷ ለጤፍ አስባው ነበር። አያቴ ግን «ጤፉ ይቆይ፤ ዓይን ይቅደም» ስላሉ ክርክሩ በዚያው ተዘጋ፤ ሩዝ የበዛበትን እንጀራ ሁለት ወር በላን።

እናቴ መነጽሩን አድርጋ ከሐኪም ቤት የተመለሰች ዕለት፥ በር ላይ ቆማ ቤቱን ለረጅም ጊዜ ዞር ዞር ብላ ተመለከተች። እኛ ደስ ብሏት ታለቅሳለች ብለን ስንጠብቅ፥ «ይህ ግድግዳ እንዲህ ጠቁሮ ነው የኖረው? እንዴት ሰው ዝም ይላል?» ብላ ጮኸች። ወዲያውም ወደ አባቴ ዞራ «የሸሚዝዎስ ኮሌታ!» አለች። አባቴ ደብተራቸውን አወጡና «ኖራ» ብለው ጻፉ፤ ጥቂት አሰቡና አጠገቡ «ወደሚቀጥለው ወር የተዛወረ» ብለው ጨመሩበት።