ድንኳኑ ለሕያዋንም ይተከል

ስዊድናዊውን ባለቅኔ ቶማስ ትራንስትሮመርን እ.ኤ.አ. በ1990 ስትሮክ መታው፡፡ ቀኝ ጎኑ ሰለለ፤ አንደበቱም ተያዘ፡፡ ፒያኖውን ግን አልተወም፤ በግራ እጁ ብቻ ይጫወት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፡፡ እኔን የሚደንቀኝ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ቃል ከተዘጋበት በር ዜማ ሾልኮ መውጣቱ ነው፡፡

ነገሩ ተአምር አይደለም፡፡ የአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው በግራው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ በዜማ ግን ቀኙም ብዙ ይሳተፋል፡፡ ስለዚህ «ውሃ ስጡኝ» ማለት ያቃተው ሰው የልጅነት መዝሙሩን ከነቃሉ ሊያዜም ይችላል፡፡ በሄልሲንኪ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስትሮክ በኋላ ለ2 ወራት በየዕለቱ የወደዱትን ሙዚቃ ያደመጡ ሕሙማን፣ የመጽሐፍ ትረካ ካደመጡት ይልቅ የቃል ትውስታቸውና ትኩረታቸው ተሻሽሏል፡፡ (ለእኛ ለመጽሐፍ ወዳጆች ትንሽ ትመራለች!) እኩል የሚመታ ድምፅ ተከትሎ መራመድም የተዛባ እርምጃን ለማቃናት ይረዳል፡፡

በእኛ ዘንድስ? የባንክ ሠራተኛ ነኝና ፊርማቸው ከናሙናው ጋር አልገጥም ያለ አዛውንቶችን በመስኮቴ አያለሁ፡፡ ጥቂት ቆይቶ ውክልና የያዘ ልጅ ይመጣል፤ እርሳቸው ግን አይመጡም፡፡ ቤት ቀርተዋል፡፡ ሕመሙ እጅና እግር ይይዛል፤ ከሰው የሚለየን ግን ብቸኝነቱ ነው፡፡

ታዲያ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ሐኪምም ሳይተው፣ የሰፈር ዕድር ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ማድረግ ይችላል እላለሁ፡፡ ዕድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ አባላቱንም በስም ያውቃል፡፡ ሰው ሲሞት 3 ቀን አብሮ ይቀመጣል፡፡ ሳይሞት በሳምንት አንዲት ሰዓት ቢቀመጥስ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የእንቅስቃሴውን ልክ ያሳይ፤ ከበሮ ይመታ፤ የቻለ ቆሞ፣ ያልቻለ ወንበር ይዞ ይወዝወዝ፡፡ እስክስታ ከትከሻ ይጀምራልና ተቀምጦም ይሞከራል፡፡ ማጨብጨብ ያቃተው እጅ ጭኑን መታ ቢያደርግ ይበቃል፡፡

«ታሞ ደግሞ ጭፈራ!» የሚል አይጠፋም፡፡ እኔ ግን ነውሩ ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ጎረቤታችን በሕይወት ሳለ ደጁን ሳንረግጥ ኖረን፣ በቀብሩ ቀን በሰዓቱ መገኘታችን፡፡