መጀመሪያ ስልኳን አስመልሱላት

እህቶቼ፣ ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ቃሌ ቢጠነክር ይቅር በሉኝ።

ባለፈው አንድ እሁድ እዚህ ቤሩት የአንድ ፕሮጀክት ሰዎች መጥተውልን ነበር። ለቤት ሠራተኞች መማሪያ አፕ ሠርተናል አሉ። አረብኛው፣ የገንዘብ አያያዙ፣ መብቱ፣ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ሌሊት ጥያቄ ቢኖርሽ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይመልስልሻል ተባልን። አስጫኑን፣ ቲሸርት ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን። ስንት ሰው እንደጫነ ቆጥረው ሄዱ።

እኔ የቆጠርኩት ግን ያልመጡትን ነው። እሁድ ከቤት የማትወጣውን፣ ስልኳ የማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ማታ ለትንሽ ደቂቃ ብቻ የሚሰጣትን። ትምህርቱ ከሁላችንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር። ለእሷ ግን ያ አፕ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም አላይ።

ቴክኖሎጂ ትጠላለች እንዳትሉኝ። እናቴን የማያት በስልክ ነው፤ ወረቀት ሲሰጡኝም ስልኬ ላይ ነው የማስተረጉመው። ግን በስክሪን መማር ምን እንደሆነ ገና አገር ቤት እያለሁ አውቀዋለሁ። ፕላዝማን ታስታውሱታላችሁ አይደል? በ1997 ዓ.ም. ነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ነው። የፕላዝማው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን ደብተር ላይ እየገለበጥን ነው። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። አንድ ቀን ፊዚክስ ላይ አልገባኝም ብዬ እጄን አወጣሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቴሌቪዥን እጅ አያይማ! አሥረኛ ክፍል ፈተናው ሳይመጣልኝ ሲቀር ጥፋቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ። ዛሬ ግን እላለሁ፦ የማይሰማ አስተማሪ ግማሽ አስተማሪ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት በካርቶን አስቀምጦላቸው ሄደ። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፈቱት፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘመሩ ተብሎ በዓለም ተወራ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ለትልልቆቹ የሶላር ቻርጀሩን አጠቃቀም ያሳየ ሰው ነበር። በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይርም ሰው ነበር። “ያለ አስተማሪ” የሚለው ወሬ ለምን ተወደደ? አስተማሪ በየወሩ ደሞዝ ይፈልጋል፤ ታብሌት አይፈልግም።

በደንብ የታሰበበትም አለ። ገበሬዎቻችን በ8028 ይደውላሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ተራ ቀፎ ይበቃዋል። ቁጥር ተጭኖ ስለ ጤፉ፣ ስለ ስንዴው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይሰማል። ማንበብ የማይችልም ይሰማል። ይሄን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የገበሬውን እጅ አይተዋል፤ ምን ስልክ ይዟል፣ ምን ቋንቋ ይሰማል ብለዋል። የእኛንስ እጅ ማን አየው? እጃችን ሳሙና ውስጥ ነው፤ ጆሯችን ግን ነጻ ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ መስማት እችላለሁ። ዳታዬን የሚጨርስ ቪዲዮ ቁጭ ብዬ ማየት ግን አልችልም።

ስለ መብት የሚለውንም ሰማሁት። ደሞዝሽ ከዘገየ አሠሪሽን በትሕትና አነጋግሪያት ይላል። እሺ፣ ለማዳምስ አፕ የላትም? የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኮንትራት ደግሞ በሳምንት 24 ሰዓት ረፍት ይሰጠናል። ስንቶቻችን እናውቃለን? የፈረምነው በአረብኛ ነዋ! የመጀመሪያው ትምህርት መሆን የነበረበት ያ የፈረምነው ወረቀት በየቋንቋችን በድምፅ ሲነበብልን ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ለማዳም ሲነበብላት።

ማሽኑ ይመልስልሻል ለሚሉትም አንድ ነገር አለኝ። ቃል ሲሳሳት እንስቃለን። ስለ ኢቃማ ወይም ከአሠሪ ቤት ስለመውጣት ሲሳሳትስ? በከፋላ ሕይወት ወጥታ የምትያዘው ልጅቷ ነች። ማሽኑ አይታሰርም።

“ከምንም ይሻላል” የምትሉ እህቶች አላችሁ። እኔም ለጥቂት ቀን እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን የቆጠሩት ቁጥር ሪፖርት ላይ ሲጻፍ “ሠልጥነዋል” ይላል። ነገ የእሁድ ክፍል፣ አንድ ደሞዝተኛ አስተማሪ ስንጠይቅ ሠልጥናችኋል ይሉናል። ያኔ “ከምንም ይሻላል” ያልነው ነገር የሚገባንን ይወስድብናል ማለት ነው።

እኛ እኮ ትምህርት ቤት አለን። በዋትስአፕ ግሩፓችን አንዷ ቆየት ያለች እህታችን ማታ ማታ የአረብኛ ቃል በድምፅ ትልካለች። ያልገባት ትጠይቃለች፣ በማግስቱ መልስ ታገኛለች። ስልኳን በቀን አሥር ደቂቃ የምታገኝም አውርዳ ትሰማለች። ለዚያች እህት የሚከፍላት የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአፕ ሲወጣ ለእሷ የካርድ እንኳ አልተረፈም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሲመጡ ከመጫናችን በፊት እንጠይቃቸው። ስልኳ የተቆለፈባት እንዴት ትማራለች? ከአሠሪዎች ጋር ስለ ስልክና ስለ እሁድ ማን ይነጋገርልናል? ሳይገባኝ ሲቀር የሚሰማኝ ሰው ማነው፣ ደሞዙስ ተመድቧል? መልሱ ሲሳሳት ኃላፊው ማነው?

መልስ ካላቸው ቡና አፍልተን እንቀመጥ፤ አብረን እንሥራ። መልስ ከሌላቸው ግን እህቶቼ፣ ቲሸርቱን እንመልስላቸው።