ከደባርቅ በላይ ያለው መንገድ የማን ነው?

ለክብርት የቱሪዝም ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በአደባባይ የምጽፍልዎ ጉዳዩ የግል አቤቱታዬ ስላልሆነ ነው። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ስካውቱ፣ የሆቴል አስተናጋጇና ከጃናሞራ እህል ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ሁሉ በጉዳዩ ድርሻ አላቸው። መልስዎን እነሱም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

መንግሥታችን ቱሪዝምን ከአምስቱ የኢኮኖሚ ምሰሶዎች አንዱ አድርጎታል። አገራችንም «ምድረ ቀደምት» በሚል መጠሪያ ራሷን ለዓለም ስታስተዋውቅ የሰሜን ተራሮችን ገደል፣ ዋልያውንና ጭላዳውን ከፊት ታሰልፋለች። ይገባቸዋልም። ዳሩ ግን ፎቶግራፉን አይቶ ልቡ የተነሣ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ብሎ ነው። የእኔም ደብዳቤ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ራሱን የቻለ ጉብኝት መሆኑን መንገዱን የሄደበት ሁሉ ያውቃል። ጎንደርን እንደወጡ ወለቃ አለ፤ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረ፣ ዛሬም ከእስራኤል የሚመጡ ልጆቻቸው ወርደው የሚያዩት መንደር ነው። ቀጥሎ ኮሶዬ ላይ ደጋው በድንገት ያልቅና ቆላው ከእግር በታች ይዘረጋል። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ካለፉ በኋላ ደባርቅ ይገባሉ፤ ብርዷ ጋቢ የሚያስደርብ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ትንሽ ከተማ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በወልከፊት በኩል ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ፈልፍለው የሠሩት ይህ ቁልቁለት ስንቱን ሾፌር ስሙን ያስጠራ ነው። (ለሚያዞረው ሰው መድኃኒቱ በመስኮት አለማየት ነው ይባላል፤ ግን ማን ይችላል?) ሌላው ወደ ምሥራቅ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበርና በጨንቅ አድርጎ ፓርኩን ይሰነጥቅና ከ4000 ሜትር በላይ ባለው የቧሂት መተላለፊያ ተሻግሮ መካነ ብርሃን ይደርሳል።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ጭላዳው ጓሳውን እየነጨ ዳር ዳሩን የሚቀመጥበት፣ የጂንባር ፏፏቴ ወደ ጥልቁ ሲወረወር ለማየት ከመኪና የሚወረድበት፣ ጅብራው በጭጋግ ውስጥ ቆሞ የሚታይበት መንገድ ነው። እኛ «የመዝናኛ መንገድ» የምንለው ይኸው መንገድ ለጃናሞራና ለበየዳ ወረዳዎች ሕዝብ የሐኪም ቤት፣ የትምህርት ቤትና የገበያ መንገድ ነው። እህል የጫነው አይሱዙና እንግዳ የያዘው ላንድ ክሩዘር በአንድ ኩርባ ላይ ይገናኛሉ። ከአይሱዙው ሾፌር ጋር ጠብ የለኝም። የሚሄድበት ሌላ መንገድ እስካልተሰጠው ድረስ በዋልያው ደጅ ማለፉ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ክብርት ሚኒስትር፣ ስለዚህ መንገድ የተገባ ቃል አለ፤ ቃሉ የእኔ ሳይሆን የአገራችን ስለሆነ እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በመላው ዓለም መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹ አንዱ መንገዱ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣነው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። በነጻ አልወጣንም፤ ፓርኩን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ ሌላ አቅጣጫ እንዲይዝ፣ ልቅ ግጦሹም እንዲቀንስ ቃል ገብተን ነው። ታዲያ ተለዋጩ መንገድ ዛሬ በምን ደረጃ ላይ ነው? ተጠናቆ ለትራፊክ ክፍት የሚሆነው መቼ ነው? ያን ጊዜስ የአሁኑ መንገድ ለጎብኚና ለፓርኩ ሠራተኛ ብቻ ይሆናል ወይስ እንደወትሮው ይቀጥላል? መንገዱን የሚሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን አውቃለሁ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለእርስዎ ሚኒስቴር መሆኑንም እንዲሁ አውቃለሁ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየጠቆመ ስንት ክረምት ያልፋል?

ለዚህ ቃል ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ተነሣ። ከ400 በላይ አባወራዎች የአያት ቅድመ አያታቸውን ቀዬና መቃብር ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ የኖረ ገበሬ በካሳ ገንዘብ ከተሜ ሁን ሲባል ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ፓርኩ እንዲያገግም የእነዚህ ሰዎች ጎጆ ከፈረሰ የመንግሥትን ሥራ ያዘገየው ምንድን ነው? ከተነሡት ቤተሰቦች ልጆች መካከል ስንቶቹ ዛሬ በአስጎብኚነት፣ በስካውትነት ወይም በሎጅ ሠራተኛነት እንጀራ እንደሚበሉ መሥሪያ ቤትዎ ቆጥሮ ያውቃል? ከቆጠረ ቁጥሩን ይንገሩን።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ ይመክራሉ። ይህን እያወቅን የተራራውን ውበት ብቻ ማሳየት ለእንግዳውም ለአገሬው ሰውም ደግ አይደለም። ዛሬ ከጎንደር ደባርቅ በሰላም ይኬዳል ወይስ አይኬድም? ይህን በየሳምንቱ በኃላፊነት የሚናገር ማን ነው? አሁን የሚናገረው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንግዳ ሲያስቀር፣ ሰላም ባልሆነበት ቀን ደግሞ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ግጭቱን እርስዎ ብቻዎን ያብርዱት አልልም። እውነተኛ መረጃ መስጠት ግን ከእርስዎ ቢሮ አቅም በላይ አይመስለኝም።

በዚህ ሁሉ ዓመት በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጦ እንደሆነስ? ፓርኩ ያለ ስካውትና ያለ አስጎብኚ አይጎበኝም የሚል ሥርዓት ዘርግተን በርካታ ወጣቶችን በዚህ ሥራ አሰልፈናል። ገበያው ሲደርቅ የደረሰላቸው ማን ነው? ከመግቢያ ክፍያው ለደባርቅ ከተማና ለአጎራባች ቀበሌዎች የሚመለሰው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው በግልጽ ተለጥፎ ቢታይ ግማሹ ቅሬታ በራሱ ጊዜ ይበርድ ነበር።

ክብርት ሚኒስትር፣ የጎርጎራን ግንባታ አይተናል። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ማረፊያ መሠራቱ ደስ ያሰኛል፤ ወንጪም እንዲሁ። ከዜሮ ተነሥቶ ሎጅ፣ መንገድና መብራት በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሥራት እንደሚቻል እነዚህ ፕሮጀክቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ «አቅም የለም» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያስኬድም። የእኔ ጥያቄ እጅግ ትንሽ ነው። በኮሶዬና በሊማሊሞ መኪና ከኩርባ ወጥቶ በሰላም የሚቆምበት ሜዳ፣ ገደሉን የሚከልል አጥር፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የአካባቢው ሴቶች ቡና የሚያፈሉበት ዳስ ቢኖር ጎብኚው መስኮት ከፍቶ ፎቶ አንስቶ አያልፍም ነበር፤ ወርዶ ይቀመጥ፣ ገንዘቡንም እዚያው ያወጣ ነበር። ይህን ለመሥራት ቤተ መንግሥት የሚያህል በጀት ያስፈልጋል?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ገበሬውና ተማሪው ቅጠል ይዞ ወደ እሳቱ ወጣ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጡ ጠበቅን። ለረዱን ሁሉ ምስጋናችን ዛሬም አለ። ነገር ግን በሚቀጥለው በጋ አስታውና ጓሳው ሲደርቅ ደባርቅ ላይ የሠለጠነ ቡድን፣ የውኃ ቦቴና እስከ ጨንቅ በፍጥነት የሚያደርስ መንገድ አለን? ወይስ እንደገና ስልክ ወደ ውጭ አገር እንደውላለን?

ጥያቄዎቼ ብዙ እንደሆኑ ይሰማኛል፤ መልሶቹ ግን በአንድ ገጽ ያልቃሉ። የተለዋጩ መንገድ የማጠናቀቂያ ቀን፣ ከመግቢያ ክፍያው ለአካባቢው የሚመለሰው ድርሻ፣ የመንገዱን ደኅንነት በየሳምንቱ የሚያሳውቀው ኃላፊ ስምና ስልክ፣ የእሳት መከላከያው ዝግጅት። ይህን ገጽ ዝናቡ አልፎ የጉብኝት ወቅት ከሚከፈትበት ከመስከረም በፊት በጋዜጣ እንዲያወጡት፣ አንድ ቅጂም በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የደባርቅ ነዋሪ