ለምርመራ የማይከፍል ለግምት ይከፍላል

የክረምት ማለዳ ነው። ነጋዴው ቁልፉን ያዞራሉ፤ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባትሪው እስኪደክም ይሞከራል፣ የሰፈር ልጆች ተጠርተው መኪናዋ ትገፋለች፣ በመጨረሻ መካኒክ ይመጣል። ኮፋኖ ከፍቶ አንድ ካንዴላ ይነቅላል፣ ያያል፣ ከዚያም ፍርዱን ይሰጣል፦ «እሳት የለም፤ ቦቢናው ሞቷል።»

የማውቃቸው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዕቃ በሚያመላልሱባት አሮጌ ኮሮላ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቦቢና ተገዛ፤ አልነሳችም። ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ተገዛ፤ አልነሳችም። በማግስቱ ያገለገለ ዲስትሪቢውተር ሙሉውን ተገዛ፤ አሁንም እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን የመጣ ኤሌትሪሽያን ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ቀጭን ገመድ በላስቲኩ ውስጥ ተበጥሶ አገኘውና በደቂቃዎች ቀጠለው። መኪናዋ ተነሳች። የተጣሉት ዕቃዎች ሁሉ ደህና ነበሩ ማለት ነው። ነጋዴው አዲሱን ቦቢና ይዘው ወደ ሻጩ ቢመለሱ ያገኙት መልስ የታወቀው ነው፤ «ተሞክሯል፤ የኤሌትሪክ ዕቃ አይመለስም።»

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መካኒኩን ይረግማል። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የእኛ የባለመኪናዎች ነው እላለሁ። ለዕቃ ሲባል ኪሳችንን እንከፍታለን፤ ለምርመራ ክፈሉ ስንባል «ምን ሠራህና?» እንላለን። አንድ ገመድ ቀጥሎ መኪና ያስነሳ ባለሙያ የሻይ ሲሰጠው፣ ሦስት ዕቃ የለወጠው ግን ሙሉ የእጅ ዋጋውን ይቀበላል። ገበያ ደግሞ የሚከፈልበትን ያመርታል። ለግምት ከከፈልን ግምት ይቀርብልናል።

ምርመራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ ነበር። ነገር ግን የእሳት መንገድ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የባትሪ ማቀጣጠያ ካዲላክ ላይ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሠረቱም ዛሬም አልተለወጠም። የባትሪው 12 ቮልት በቁልፍ በኩል ወደ ቦቢና ይገባል፤ ፑንቲናው ወይም በአዲሶቹ መኪናዎች ኢግናይተሩ ያንን ኮረንቲ በድንገት ሲቆርጠው ቦቢናው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል፤ ይህም በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭ ይላል። መንገዱ ሁለት ክፍል አለው፤ ዝቅተኛ ቮልት እስከ ቦቢና፣ ከፍተኛ ቮልት ከቦቢና ወዲያ። የመርማሪው ሥራ እሳቱ በየትኛው ክፍል እንደጠፋ መለየት ነው። ይህ ሳይለይ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ መሮጥ ሎተሪ መቁረጥ ነው።

ቅደም ተከተሉን ባለመኪናውም ቢያውቀው አይጎዳውም። በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ቦቢናን መክሰስ አይገባም። ሁለተኛ፣ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሪኖው ሲዞር በውስጡ ያለው ሮተር መዞሩ ይታያል። ካልዞረ የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ የእሳት ሳይሆን የሞተር ነው። ሦስተኛ፣ ቁልፉ በርቶ ቦቢናው ላይ 12 ቮልት መድረሱ በመፈተሻ አምፑል ይታያል። የነጋዴው መኪና ችግር እዚህ ላይ ይያዝ ነበር። አራተኛ፣ አምፑሉ በቦቢናው ነጌቲቭ ላይ ሆኖ ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ብልጭ ድርግም እያለ ከቦቢናው እሳት ካልወጣ ቦቢናው ይጠረጠራል። ካላለ ግን ጥፋቱ በፑንቲናው፣ በኢግናይተሩ ወይም በሴንሰሩ በኩል ነው። ከቦቢናው እሳት እየወጣ ካንዴላው ጋ ካልደረሰ ደግሞ ክዳኑ፣ ሮተሩና ገመዶቹ ይታያሉ። በክረምት የክዳኑ ውስጥ እርጥበት ብቻውን መኪና ሲያስቀር ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መድኃኒቱም ደረቅ ጨርቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የካንዴላ ገመድ በእጅ ይዞ እሳት መፈተሽ የቆየ ድፍረት ነው። በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ላይ ሰውንም ኢግናይተሩንም ይጎዳል፤ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ለዚህ የተሠራ መፈተሻ አለ፤ ዋጋውም ከአንድ ያለአግባብ ከተገዛ ቦቢና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዲስትሪቢውተር የሌላቸው አዳዲስ መኪናዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ኮምፒውተር መሰካት ብቻውን ምርመራ አይደለም። ማሽኑ ኮድ ይነግራል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርም፤ የክራንክ ሴንሰር ኮድ የሴንሰሩ ሞት ወይም የአንድ ገመድ መበጠስ ሊሆን ይችላል። ኮድ አንብቦ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው የድሮውን ግምት በአዲስ መሣሪያ እየሠራ ነው።

ጉዳዩ በገበያ ገጽ ላይ የወጣው ያለምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በዶላር ፊት ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ አጥቷል። በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች እንግዲህ ዕድሜያቸው ይገፋል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባው መለዋወጫም ይወደዳል። ትናንት ግምት ርካሽ ስሕተት ነበር፤ ዛሬ ውድ ሆኗል። የቆመበት ቀንም ዋጋ አለው። በቀን 2,000 ብር የምታስገባ መኪና ናት እንበል፤ ሦስት ቀን ስትቆም ዕቃው ሳይቆጠር 6,000 ብር ሄደ።

ለደላሎችና ለገዥዎችም አንድ ቃል። «ሞተሯ ጤነኛ ናት፤ ትንሽ የኤሌትሪክ ችግር ብቻ ነው» ተብላ የማትነሳ መኪና በቅናሽ ስትቀርብ ተጠንቀቁ። ያልተነሳ ሞተር ጭሱ አይታይም፣ ድምፁ አይሰማም። ኮምፕሬሽን ግን እሳት ባይኖርም በሞተሪኖ ብቻ ይለካል። ሻጩ ይህን ልኬት እምቢ ካለ ቅናሹን ለራሱ ይተዉለት። ልኬቱ ከሌለ የምትገዙት የማይታወቅ ሞተር ነውና ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጋራዦች በደረሰኛቸው ላይ የምርመራና የጥገና ሒሳብን ይለዩ። ባለመኪናው ዕቃ ባይለወጥም የምርመራውን ይክፈል፤ በምላሹ የተለካው ቁጥር በወረቀት ይሰጠው። «ቦቢና ነው» የሚል ሁሉ ምን ለክቶ እንዳወቀ ይጠየቅ። የተነቀለው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛልና። መለዋወጫ ነጋዴውም በመደብሩ አንድ ቴስተር ቢያስቀምጥና ደንበኛው ይዞት የመጣውን አሮጌ ቦቢና ለክቶ ቢነግረው፣ ዛሬ አንድ ሽያጭ ሊያጣ ይችላል፤ ደንበኛውን ግን ለዓመታት ያተርፋል።

ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ አይቆርጥም። ሳይለካ የሚቆርጥ ቢኖር ጨርቃችንን አንሰጠውም። መኪናችንን ግን እየሰጠን ነው።