ቅሬታችንን ከሠራተኞቻችን ደመወዝ ላይ አናወራርድ

በሁለቱም ሞያሌ ለምትነግዱ ወገኖቻችን።

ማታ ሱቅ ተዘግቶ ሻይ ሲጠጣ የሚነሳው ወሬ ያው አንድ ነው፤ ግብር። እኛ «ኬንያ መነገድ አበቃለት፣ ወዲያ ማዶ መሻገር ነው» እንላለን። ወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ወደኛ መሻገር ያምራቸዋል።

ቅሬታችን ከባዶ የመጣ አይደለም። ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነ ነጋዴ የሚከፍለው ተርንኦቨር ታክስ በ2023 ከ1 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወጥቷል። ይህ ግብር የሚቆጥረው ሽያጭን እንጂ ትርፍን አይደለም። በወር የ200,000 ሽልንግ ስኳርና ዱቄት የሸጠ ሰው ትርፉ 10,000 ብቻ ቢሆንም 6,000 ይከፍላል። በትርፍ ልክ መክፈል የሚሻ ለኬአርኤ በጽሑፍ አመልክቶ ወደ መደበኛው የገቢ ግብር መግባት ይችላል፤ ለዚያ ግን የተሟላ የሂሳብ መዝገብ ያስፈልጋል። ስንቶቻችን አለን?

ይህ ቅሬታ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው በዚህ አሳብበን የሠራተኞቻችንን መዋጮ መተዋችን ነው። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ከራሳችን እንጀምር።

በሱቃችን ሦስት ዓመት የሠራች አንዲት ልጅ ነበረች። ከኛው ጋር ትበላለች፣ ለበዓል ልብስ እንገዛላታለን፣ ደመወዟ አንድም ወር አላለፈባትም። የትም ግን አላስመዘገብናትም። አንድ ሌሊት ሆዷን አሟት ሆስፒታል ስንወስዳት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። የመድን መዋጮ ስላልተከፈለላት ሙሉው ሂሳብ በኛ ላይ መጣ። ከገበያው አዋጥተን፣ ከሁለቱም ማዶ በኤምፔሳም በእጅም ተቀብለን ከፈልን። ደግነታችን ራሳችንን አስደሰተን። በማግስቱ እናቷ ከሶሎሎ መጡና አመስግነውን ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ሦስት ዓመት ስትሠራ በስሟ የተጻፈ ነገር የላትም?» መልስ አልነበረንም።

ለመሆኑ የምንሸሸው ስንት ነው? በወር 20,000 ሽልንግ የሚከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ። ለጡረታ (ለኤንኤስኤስኤፍ) 6 በመቶ፣ 1,200 ይቆረጥባታል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ኤንኤችአይኤፍን ለተካው የጤና መድን 2.75 በመቶ፣ 550፤ ለቤቶች ልማት 1.5 በመቶ፣ 300። እጇ ላይ 17,950 ይደርሳታል። የደመወዝ ግብር ከ24,000 በታች ስለማይደርስባት የለባትም። እኛ በበኩላችን ለጡረታዋ 1,200፣ ለቤቶች 300፣ ለሥልጠና (ለኒታ) 50፣ በድምሩ 1,550 እንጨምራለን። በነገራችን ላይ ይህችው ሠራተኛ በድሮው ኤንኤችአይኤፍ 750 ትከፍል ነበር፤ ለሷ የጤናው መዋጮ ቀንሷል።

ወዲያ ማዶ ይቀላል የሚለውንም እንየው። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ በድምሩ 18። በኬንያ ሠራተኛው 10.25፣ አሠሪው 7.5፤ በድምሩ 17.75። ልዩነቱ ሩብ በመቶ ነው! እንዲያውም በኢትዮጵያ 18ቱ ለጡረታ ብቻ ነው፤ የደመወዝ ግብሩም በ2017 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ እንኳ ከ2,000 ብር በላይ ይጀምራል። ስለዚህ ከመዋጮ ሸሽቶ ኬላ የሚሻገር ሰው ማዶ ሌላ መዋጮ ይጠብቀዋል።

«ሠራተኞቹ ራሳቸው እጃችን ላይ ስጡን ይላሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይላሉ። 2,050 ሽልንግ ከ20,000 ላይ ሲጎድል ያማል፤ የቤቱን ኪራይ የሚሞላ ገንዘብ ነው። ግን አንድ ነገር አልነገርናቸውም። ከሷ ለጡረታ በተቆረጠው 1,200 ላይ የኛ 1,200 ተጨምሮ በስሟ ይቀመጣል። እጇ ላይ ስንሰጣት የራሷን ነው የምንሰጣት፤ የኛን ድርሻ ኪሳችን ውስጥ እናስቀራለን። ይህን ሰምታ አሁንም «እጄ ላይ» የምትል ሠራተኛ ብታጋጥመንም ሕጉ ለሷም ለኛም ምርጫ አልሰጠም።

«የዘመድ ልጅ ናት» የሚለውም ምክንያት አያስኬድም። ዘመድ ከሆነች ይልቁንም ቀድማ መመዝገብ የሚገባት እሷ ናት። ቡርጂው፣ ቦረናው፣ ጋብራው፣ ጉራጌው፣ አማራው ሁላችንም በዕድርና በመዋጮ የኖርን ሰዎች ነን። ሰው ከወደቀ በኋላ ማዋጣት እናውቅበታለን፤ ሳይወድቅ ማዋጣት ግን አቅቶናል።

እኛ ከዚያ በኋላ ሁሉንም አስመዝግበናል። ልጅቷ ድና ሥራዋ ላይ ናት። ወር በገባ እስከ 9ኛው ቀን እንከፍላለን፣ የደረሰኙን ቅጂ ለየራሳቸው እንሰጣለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከብደውን ነበር፤ አንዋሽም። አሁን ከሱቁ ኪራይ ጋር አንድ ላይ ስለምንመድበው ለምደነዋል። እኛ ባለሱቆቹም ብንሆን ደመወዝተኛ ስላልሆንን ለጤና መድኑ በቤተሰብ ገቢያችን ልክ የዓመቱን አንድ ጊዜ መክፈል አለብን፤ ዝቅተኛው በወር 300 ነው።

በ3 በመቶው ላይ አብረን እንጩህ፤ ለካውንቲውም ለናይሮቢም እናሰማ። የሠራተኛዋን 1,200 ግን በስሟ አስቀምጠን እንጩህ። ያኔ ድምፃችንም ይከበራል።