ለመልካም መምህር የሚገባው ክብር

ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ አባት አስቀድሞ የሚመረምረው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ስምና ልጁ በፍጻሜው የሚያገኘውን ማዕርግ ነው። ሕንፃው ምን ያህል ያማረ እንደ ሆነ፣ መጻሕፍቱም ምን ያህል የበዙ እንደ ሆኑ፣ ከዚያ የወጡትም ሰዎች በምን ሥራ ላይ እንደ ተሾሙ ይጠይቃል። በልጁ ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ሰው የማስተማር ችሎታው እንዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ልጅ ከእናት ከአባቱ ቤት ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት የሚቀመጠው በመምህሩ እጅ ነውና፣ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን የተዘነጋ ጉዳይ ለክቡራን አንባብያን ልናሳስብ ወደድን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ሁለት ሸክም አለበት፤ አንደኛው አዲስ ዕውቀት መመርመር፣ ሁለተኛው ማስተማር ነው። ከሁለቱም ምርምሩ በዓይን ይታያል፤ ይታተማል፣ ይቈጠራል፣ የጸሐፊውንም ስም ወደ ሩቅ አገር ያደርሳል። ማስተማር ግን በአራት ግድግዳ መካከል ተሠርቶ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ በብዙ አገር ማዕርግና ደመወዝ የሚከተለው ምርምርን ሆኗል፤ ትምህርቱን ለማሰናዳት ሌሊቱን የሚያነጋው መምህር ግን ጊዜውን በከንቱ እንዳባከነ ሰው ይታያል። በአሜሪካ የካርኔጊ የማስተማር ማሻሻያ ድርጅት ፕሬዚዳንት የነበረው ኧርነስት ቦየር በ1990 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ማስተማር ራሱ እንደ ሊቃውንት ሥራ ሊቈጠር ይገባል ብሎ የተከራከረው ይህን አይቶ ነው።

ነገሩን የተረዱት መንግሥታትና ድርጅቶች ለማስተማር የሚሰጥ ክብር ማቋቋም ከጀመሩ ቈይተዋል። በካናዳ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ስሪ ኤም በሚባለው ኩባንያ ስም በየዓመቱ እስከ 10 የሚደርሱ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን ይመረጣሉ። እንግሊዞችም በ2000 ዓ.ም. ለመልካም መምህራን የሚሰጥ ብሔራዊ ማዕርግ አቋቁመዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሚኔርቫ የተባለው ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ 500,000 የአሜሪካ ዶላር የተቀበለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ፕሮፌሶር ኤሪክ ማዙር ነበር።

ነገር ግን ሽልማት መቋቋሙ ብቻ አይበቃም፤ በምን ሚዛን ተመዝኖ እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የፕሮፌሶር ማዙር ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ይህ ሰው በ1984 ዓ.ም. በሃርቫርድ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ንግግሩ የጠራ፣ ተማሮቹም የሚያመሰግኑት ነበር። ተማሮቹ ከባድ ስሌት ያለበትን ፈተና አልፈው ይወጡ ስለ ነበር እርሱም መልካም መምህር መሆኑን አልተጠራጠረም። በ1990 ዓ.ም. ግን በአሪዞና ያሉ ሊቃውንት ያዘጋጁትን አንድ ፈተና አገኘ። ፈተናው ስሌት የሌለበት፣ በተራ ቃል የተጻፈ ነው። ከሚጠይቀውም አንዱ፣ ታላቅ የጭነት መኪና ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር ቢጋጭ ከሁለቱ በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል የሚያሳርፈው የትኛው ነው የሚል ነው። በኒውተን ሕግ መሠረት ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚያሳርፉት ኃይል እኩል ነው፤ ትንሹ መኪና ይበልጥ የሚጎዳው ክብደቱ ስለሚያንስ ነው። ማዙር ይህን ለተማሮቹ ባቀረበ ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ መልሱን እርሱ እንዳስተማራቸው ትጻፍ ወይስ እርሷ ዘወትር እንደምታስበው ትጻፍ ብላ ጠየቀችው። ውጤቱም በተሰበሰበ ጊዜ፣ ሕጉን በቃላቸው የሚያነበንቡት ብዙዎች ትርጓሜውን ፈጽሞ እንዳላገኙት ታወቀ። ትምህርቱ በደብተር ተጽፎ ነበር፤ በልብ ግን አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ ፕሮፌሶሩ ልማዱን ለወጠ። ጥቂት ካስተማረ በኋላ አሳብን የሚመረምር ጥያቄ ያቀርባል። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አስቦ መልሱን ይሰጣል። መልሱ የተከፋፈለ እንደ ሆነ መምህሩ ለማስረዳት አይቸኩልም፤ ተማሮቹ ከአጠገባቸው ካለው ባልንጀራ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይከራከራሉ፣ ከዚያም እንደ ገና ይመልሳሉ። ትናንት የተረዳ ተማሪ ገና ያልተረዳው ባልንጀራው የት ላይ እንደ ተሰናከለ ያውቃልና፣ ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ይልቅ ቀላል አድርጎ ያስረዳዋል። በዚህም አኳኋን ተማሮቹ በዚያው ዓይነት ፈተና ያሳዩት መሻሻል ከቀድሞው እጥፍ ገደማ ሆነ። ማዙርም ዘዴውን በ1997 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞ ለሌሎች አስተላለፈ።

ይህም የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በሳይንስና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶች ባንድነት ተመርምረው ነበር። ተማሮች ተቀምጠው በሚያደምጡበት ክፍል ከ100 ተማሮች 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ራሳቸው በሚጠይቁበትና በሚሠሩበት ክፍል ግን የወደቁት 22 ያህል ናቸው። ከ100 ልጆች የ12 ልጆች ልዩነት ማለት ነው፤ ልጁ ወድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ወላጅ የዚህን ቊጥር ክብደት ያውቀዋል።

እንግዲህ ሽልማት የሚሰጡ ሰዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2019 ዓ.ም. በሃርቫርድ በወጣ ሌላ ጥናት፣ ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት ተማሮች ይበልጥ ዐውቀው ሳለ ያወቁት ጥቂት መስሏቸው ተገኝተዋል። የሚጣፍጥ ንግግር ያደመጡት ደግሞ ያወቁት ጥቂት ሆኖ ሳለ ብዙ የተማሩ መስሏቸዋል። ድካም የሌለበት ትምህርት ደስ ያሰኛልና። ስለዚህ መምህርን በተማሮች ምስጋና ብቻ የሚመዝን ዳኛ፣ ለአንደበተ ርቱዕ ሰው የሊቅን ዋጋ ሊሰጥ ይችላል።

ለዚህ ሥራ ሀብትን መስጠትም የሚያስከብር ነው። ፕሮፌሶር ካርል ዊመን በ2001 ዓ.ም. ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተቀበለ በኋላ፣ ከገንዘቡ ከፍሎ የተፈጥሮን ሕግ በኮምፒዩተር ሥዕል የሚያሳይ የማስተማሪያ መሣሪያ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አስጀመረ። በምርምር ታላቁን ክብር ያገኘ ሰው ወደ ማስተማር መመለሱ፣ ማስተማር የታናናሾች ሥራ ነው ለሚሉት በቂ መልስ ነው። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የይዳን የትምህርት ምርምር ሽልማት ተሰጥቶታል።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ቅኔ ቤት ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ሞልቶ የተጣመመውን አቅንቶ ይመልስለታል። በትምህርት የገፋውም ለታናሹ ያሳየዋል። መምህሩ የሚመሰገነው ባሰማው ንግግር ብዛት ሳይሆን፣ ከእርሱ ዘንድ የወጣው ተማሪ ራሱ በሚቀኘው ቅኔ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የተባለውም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ስለዚህ ማዕርግና ሽልማት ለመስጠት ሥልጣን ያላቸውን ሹማምንት ሦስት ነገር እንዲመለከቱ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ተማሮቹ ሲገቡና ሲወጡ የነበራቸው ዕውቀት ተመዝኖ ልዩነቱ ይታይ። ሁለተኛ፣ የማስተማርን ሥራ የሚያውቁ ሌሎች መምህራን ክፍሉ ድረስ ገብተው አይተው ይመስክሩ። ሦስተኛ፣ መምህሩ ያገኘውን ዘዴ ለባልንጀሮቹ አካፍሎ እንደ ሆነ ይመርመር፤ አንድ ሰው ለብቻው የያዘው ጥበብ ከእርሱ ጋር ይቀበራልና። ከዚህም በላይ፣ በዓመት አንድ ቀን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ለመቶዎች የሚሆን ተስፋ አይሆንም፤ መልካም ማስተማር በየጊዜው በሚሰጠው ማዕርግና ደመወዝ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ወላጆችም የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለስ ስንት ማርክ እንዳገኘ ብቻ አትጠይቁት፤ የተማረውን ለታናሽ እኅቱ ወይም ለአያቱ በቀላል ቃል እንዲያስረዳ አድርጉት። ቢችል መምህሩን አመስግኑለት፤ ምስጋናውንም ለትምህርት ቤቱ ሹማምንት በደብዳቤ ግለጹ። ባይችል ግን ልጁን ብቻ አትውቀሱ፤ እንዴት እንደ ተማረ መርምሩ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ቃል ጥምጣሙን ለሚያስጠመጥመውም ሰው የተነገረ መሆኑን ማሰብ ይገባል።