ቀይ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም

ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ዓይን ምን ያህል የከበረ እንደሆነ የማያውቅ ባይኖርም፣ ዓይኑ የቀላበት ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱን ትቶ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ጎራ ማለቱ፣ ባለመድኃኒቱም ማዘዣ ሳይጠይቅ ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ አውጥቶ መስጠቱ በከተሞቻችን የተለመደ ግብር ሆኗል። ጠብታው መቅላቱን በአንድ ሁለት ቀን ያበርደዋልና ሻጩም ገዢውም ደስ ይላቸዋል። የመቅላቱ ምክንያት ቫይረስ የሆነ እንደሆነ ግን፣ ያ ፈጥኖ ያሳረፈ ጠብታ ብርሃነ ዓይንን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ሕዝባችን ምች የሚለውና ትኩሳትን ተከትሎ በከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ይህ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በምራቅና በመሳሳም ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ቁስሉ ቢድንም እርሱ አይወጣም፤ የፊትን ስሜት በሚሸከመው ነርቭ ሥር ኅቡእ ሆኖ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ትኩሳት ወይም ብርቱ ፀሐይ ሲቀሰቅሰው በዚያው ነርቭ መንገድ ተመልሶ አንዳንድ ጊዜ በከንፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በዓይን ላይ ይወጣል። (እናቶቻችን «ፀሐይ መታው» ማለታቸው እንግዲህ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የዳማከሴው ጭማቂ ግን ዓይን ውስጥ አይግባ።) የዚሁ ቫይረስ ዘመድ የሚያመጣው አልማዝ ባለጭራም በግንባር በአንድ ወገን ወጥቶ፣ ውኃ የቋጠረው ሽፍታ እስከ አፍንጫ ጫፍ የወረደ እንደሆነ፣ ዓይኑ ለመነካቱ ብርቱ ምልክት ነውና ሕመምተኛው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሊደርስ ይገባዋል።

ይህን ደዌ ከሌላው ቀይ ዓይን ለይቶ ማወቅ በመስኮት በኩል ተቁሞ የሚሆን ነገር አይደለም። ሐኪሙ የሕመምተኛውን አገጭ በመሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ በመጀመሪያ በተፈተለ የጥጥ ጫፍ ብሌኑን ነካ ያደርገዋል፤ ጤነኛ ዓይን ወዲያው ይጨፈናል፣ ቫይረሱ ደጋግሞ የጎበኘው ግን ብዙም አይሰማውም። ቀጥሎም ብርቱካንማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት ከታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ አስነክቶ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበት፣ ቫይረሱ የበላው ስፍራ በጠራው ብሌን ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ሕመሙ ተወኝ» የሚል ሰው ሁሉ ድኗል አይባልም፤ የተወው ሕመሙ ሳይሆን የብሌኑ ስሜት ሊሆን ይችላልና።

ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ ስቴሮይዶች መቅላቱን የሚያበርዱት ሰውነት ቫይረሱን የሚከላከልበትን ኃይል በማድከም ስለሆነ፣ በዚያ በቅርንጫፉ ቁስል ላይ ሲንጠባጠቡ ቁስሉ ይሰፋል፣ ይጠልቃልም፤ ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ ደግሞ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው ግላኮማ ሊያመጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደዌው ወደ ብሌኑ ውስጠኛ ክፍል በዘለቀ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ከፀረ ቫይረስ ጋር አጣምሮ ያዘዋል። ያለ ማዘዣ መሸጡ ግን ነውር ነው፤ ተቆጣጣሪዎችም ዝም ብለው ሊያዩት አይገባም።

ከዚህ ደዌ ጋር የሚኖር ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። በ1962 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኸርበርት ካውፍማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አይዶክስዩሪዲን የተባለው መድኃኒት ይህን የዓይን ቁስል እንደሚፈውስ አሳየ፤ ከዚያም አሲክሎቪር ተገኘ፤ በዚህ ሥራ ከፍ ያለ ድርሻ የነበራት ገርትሩድ ኤልዮንም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች። በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀድሞ ዓይናቸው የታመመ ሰዎች 400 ሚሊግራም አሲክሎቪር በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት ሲውጡ፣ በዚያ ዓመት ደዌው በዓይናቸው የተመለሰባቸው ከመቶ 19 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ግን ከመቶ 32 ነበሩ። ስለዚህ ክኒኑን የጀመረ ሰው፣ ጠበል ሲጠመቅ እንኳ ቢሆን፣ ሐኪሙ ሳያዘው አያቋርጠው፤ ጸሎትና ክኒን የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ደዌው በተመለሰ ቁጥር በብሌኑ ላይ ጠባሳ ይጨምራል፤ ጠባሳውም መካከሉን ሲሸፍነው የሚቀረው መንገድ ከሞተ ሰው በተለገሰ ብሌን መተካት ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ይህን ሥራ በአዲስ አበባ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በነርቭ ሥር ያለው ቫይረስ አዲሱንም ብሌን ሊያጠቃው ይችላልና ንቅለ ተከላ የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ መተማመኛ አይደለም። አንድ ጊዜ በዚህ ደዌ የተነካህ አንባቢ ሆይ፣ ዓይንህ ቀልቶ፣ ብርሃን እየወጋው፣ እያነባ በነቃህበት ቀን፣ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ከምርመራው በፊትም ይህ ደዌ ከዚህ ቀደም ይዞህ እንደነበር ንገረው።